በግራ በኩል ደብዘዝ ይላል

ኅዳር 4

«ጋሼ፣ ይኸው። ሁሉም አንድ ናቸው፤ ልዩነት የላቸውም። ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር ሌላ ሰው ፈልግ።»

ቃላቱ የእኔ አይደሉም፤ ያንቺ ናቸው። በማዳመጫው ካርቶን ውስጥ በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ የላክሽልኝን፣ አንድ ፊደል ሳልጨምር ሳልቀንስ ገለበጥኩት። ብጣሿን አልጣልኳትም። ጠረጴዛዬ ላይ በመርፌ ሰክቻት፣ ሻይ በጠጣሁ ቁጥር አያታለሁ።

ለአክስቴ ልጅ፣ ለእኅቴ ለጩጬ። ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እጅሽን ከማሽን፣ እግርሽን ከድጥ ይጠብቅልሽ። እኛ ደህና ነን። እናቴ ከአልጋ ባትወርድም አፏ ጤነኛ ነው፤ ተኝታ ቤቱን ታስተዳድራለች። ሰላምታው እዚህ ላይ አበቃ። አሁን ወደ ቁጣዬ ልመለስ።

አሮጌው ማዳመጫዬ ለእኔ ምን እንደነበረ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ተማሪ ሳለሽ እኛ ቤት ስትኖሪ፣ ለሁለታችን አንድ ብቻ ስለነበረን ክቦቹን ወደ ውጭ ገልብጠን፣ ራስ ለራስ ገጥመን እንሰማ ነበር። አንቺ ሁልጊዜ በስተቀኜ ትቀመጫለሽ፤ አንቺ በግራ ጆሮሽ፣ እኔ በቀኝ ጆሮዬ። ቤተሰቡ «ሁለት ራስ ያለው በሬ» እያለ ሳቀብን። አንድ ቀን፣ ገና ድምፅሽ የልጅ ሳለ፣ «ጋሼ፣ ሁለተኛው ቫዮሊን አኩርፏል» አልሽኝ። ሳቅኩብሽ። ደግሜ ስሰማው ግን እውነትም ሰውዬው እዚያ ቦታ ላይ ዘግይቶ ነው የሚገባው፤ ወዶ ያልመጣ ሰው ይመስላል። እኔ ያንን ሙዚቃ ስንት ዘመን ሰምቼው አላስተዋልኩትም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራሴ ጆሮ ቀጥሎ የማምነው ያንቺን ነው።

ስለዚህ የአሮጌው ማዳመጫ ቅስት ለሁለት ሲሰበር ምትክ እንዲመርጥልኝ የጠየቅኩት ሌላ ሰው አይደለም። የጠየቅኩትም ቀላል ነው። ሽቦ ያለው ይሁን። ጀርባው ክፍት ይሁን፣ ድምፁ እንዲተነፍስ። ከበሮ የሚያፋፋ አይሁን። ሱቅ ግቢ፣ ራስሽ ላይ አድርጊ፣ የአራቱን ባለገመዶች ሦስተኛ ክፍል፣ ያንን ዝግተኛውን አስከፍተሽ ስሚ፤ የቪዮላው ደጋን ከገመዱ ሲነሳ ከተሰማሽ ግዢው አልኩ። ይኼው ነው።

ስለ መጀመሪያው «ጥሩ ነው፣ ግን በግራ በኩል ደብዘዝ ይላል» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ተዪው አልኩሽ። ስለ ሁለተኛው፣ ከሌላ ሱቅ፣ «ይኼም በግራ በኩል ደብዘዝ ይላል» አልሽ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ «ጆሮ ማለት ይህ ነው» ብዬ መለስኩልሽ። ስለ ሦስተኛውም ያንኑ ጻፍሽ። ከዚያ ዝም አልሽ፤ ከዝምታሽ በኋላ ይህ ካርቶን መጣ።

የላክሽው፣ ጎረምሳ መንገድ ላይ የሚያደርገው ዓይነት ነው። ድስት ክዳን የሚያህል፣ ጀርባው የተደፈነ። ቼሎው እንደ ጭነት መኪና ያጓራል፤ ቫዮሊኖቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ያለቅሳሉ። እናቴ የምትተኛው ከእኔ ክፍል በኮምፐርሳቶ ብቻ በተለየው ክፍል ስለሆነ ድምፅ ከፍቼ መስማት እንደማልችል ታውቂያለሽ። ማዳመጫ ከሌለኝ ሙዚቃ የለኝም። ለራሴ ያለችኝ ሰዓት ከሥራ ገብቼ እስክተኛ ያለችዋ ብቻ ነች።

ከዕቃው በላይ የቆረጠኝ ግን ቃሉ ነው። «ልዩነት የላቸውም»! እኔ እንጀራዬን የምበላው በልዩነት ነው። የሕንፃ ፕላን ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ሥራዬ በወረቀቱና በግድግዳው መካከል ያለችውን ልዩነት ማግኘት ነው። ቤተሰቡ «ሚሊሜትር» የሚል ስም ያወጣልኝ በከንቱ አይደለም። ብጣሿን ወንድምሽ ቤት ወስጄ አነበብኩላቸው። ሳቁ። የወንድምሽ ሚስት «ባሕር ማዶ ሲኬድ ዘመድም አንድ ዓይነት ይሆናል» አለች።

ምክንያትሽን በጽሑፍ አስረጂኝ።

የአክስትሽ ልጅ

---

ታኅሣሥ 12

ለምወድህና ለማከብርህ ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እትዬስ እንዴት ናት? ወገቧ ቀለል አላት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ የእትዬን እግር ዳግም ደጅ ያድርሰው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ ዕቃው ይቅርታ። ለወንድሜ ልጅ ስጠው፣ ደስ ይለዋል። ፈረቃዬ ስለተቀየረ ሱቅ የምዞርበት ጊዜ የለኝም፤ ሌላ ምክንያት የለውም። አትቆጣ።

አሮጌውን እንዳትጥለው። ቢሰበርም ይቀመጥ።

እባክህ ወንድሜን ንገርልኝ፣ ስልክ አይደውሉልኝ። እዚህ መስመሩ ጥሩ አይደለም። ይጻፉልኝ። አንተም ጻፍልኝ፣ ብትቆጣም ጻፍልኝ። ቁጣህም ቢሆን ያንተ ሲሆን ደስ ይላል።

እትዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

ጩጬህ

---

ታኅሣሥ 29

ለአክስቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ስለ ወገቧ በመጠየቅሽ መርቃሻለች፤ ምርቃቱ ረጅም ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። እኔ ግን ደብዳቤሽን እንደ ፕላን ነው ያነበብኩት፤ ዘርግቼ፣ ማስመሪያ ይዤ።

«ሌላ ምክንያት የለውም» ትያለሽ። ምክንያት የሌለው ሰው እንዲህ ብሎ አይጽፍም። መስመሩ ጥሩ አይደለም ትያለሽ። ወንድምሽ ግን የሚለው ሌላ ነው። መስመሩ እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ ችግሩ አንቺ ነሽ፣ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የምትጠሪ ይመስል ትጮኺያለሽ፣ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ «ምን?» ትያለሽ ይላል። ሚስቱ «ሰው ሲኮራ የሚያዳምጠው ራሱን ነው» አለች። እኔ ተከላክዬልሽ ነበር። አሁን ግን አፍሬ ዝም ብያለሁ።

እስቲ ነገሩን እንመርምረው። ሦስት ማዳመጫ ሰማሁ ብለሽ ሦስት ጊዜ ጻፍሽልኝ። ሱቆቹ የተለያዩ ናቸው። ሠሪዎቹም የተለያዩ ናቸው። ሦስቱም ታዲያ በግራ በኩል ደብዘዝ ይላሉ! አንድ ዕቃ በግራ ሊበላሽ ይችላል። ሁለተኛውም አጋጣሚ ነው እንበል። ሦስቱም ከተለያየ ቦታ መጥተው በአንድ ጎን ይበላሻሉ ማለት ግን፣ ሦስት ሰፈር ያሉ ሦስት ቤቶች በአንድ ቀን በአንድ ግድግዳ ተሰነጠቁ እንደማለት ነው። እንዲህ ያለ ፕላን ጠረጴዛዬ ላይ ቢመጣ በሩን አሳየዋለሁ።

ስለዚህ ያለው ሁለት ነገር ነው። ወይ ሱቅ ሳትገቢ፣ እቤትሽ ተቀምጠሽ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ገልብጠሽልኛል፤ ያን ጊዜ ሰነፍ ነሽ። ወይ ገብተሽ፣ ሰምተሽ፣ እኔ እስክሰለች ድረስ ሆን ብለሽ ተጫውተሽብኛል፤ ያን ጊዜ ውሸታም ነሽ። ምረጪ። ሁለቱንም ቢሆን ይቅር እላለሁ፤ የማይቆረጥ ነገር ግን አልወድም።

እኔ የሁለተኛውን ቫዮሊን ኩርፊያ የሰማች ልጅ አለችኝ ብዬ ነበር። ምናልባት ያኔም የሰማሽ መስሎኝ ነው። «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» ይባላል፤ እኔም አንድ ቀን ሰማሽ ብዬ ይኸው ስንት ዘመን አብጃለሁ።

አሮጌውን አልጣልኩትም። ለምን እንዳልጣልኩት ግን እኔም አላውቅም።

የአክስትሽ ልጅ

---

የካቲት 21

ለማከብርህ ጋሼ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፣ ለቤቱም ለእትዬም። የእትዬን ምርቃት ባትጽፈውም ደርሶኛል ብለህ ንገራት።

የዘገየሁት ስለሰነፍኩ አይደለም። ጀምሬ እተወዋለሁ፣ ጀምሬ እተወዋለሁ። ዛሬ ልጨርሰው ነው።

ሁለት መንገድ ሰጥተኸኛል፤ ወይ ሰነፍ፣ ወይ ውሸታም። ሦስተኛውን ረሳኸው። አንተ አንድ ነገር ትረሳለህ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ለዚህ ነው ሳነበው መጀመሪያ የሳቅኩት። ከሳቁ በኋላ ያለውን ተወው።

ጋሼ፣ ሦስቱንም ሱቅ ገብቻለሁ። ሦስቱንም ሰምቻለሁ። የጻፍኩልህ የሰማሁትን ነው።

ሦስተኛው ሱቅ ባለቤቱ ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ። ስለ ሦስተኛው ከጻፍኩልህ በኋላ ደግሜ ልሰማው ተመልሼ ሄድኩ። ያልከውን ሙዚቃ አስከፈትኩት፤ እሱም ያውቀዋል መሰለኝ ዓይኑን ጨፈነ። በግራ በኩል ደብዘዝ ይላል አልኩት። ከራሴ ላይ ወስዶ ራሱ ሰማው፤ ደህና ነው አለ። አይደለም አልኩት። ያንተን ኃይለ ቃል ተውሼ ክርክር ጀመርኩ፤ «ከእኔ ይልቅ የእኔ ጋሼ ቢመጣ ሱቅህን ትዘጋለህ» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ማዳመጫውን አዙሮ፣ የቀኙን ክብ በግራዬ አድርጎ ጫነልኝ።

«አሁንስ?» አለኝ።

«አሁንም በግራ» አልኩት።

ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ገባኝ። እሱም ገባው። ጨርቅ አንስቶ የጠራውን ባንኮኒ መጥረግ ጀመረ። ቆይቶ «ልጄ፣ ዕቃው ደህና ነው» አለኝ፤ ቀስ ብሎ። ቀስ ብሎ ተናግሮ ይሁን፣ ወይ በእኔ ጆሮ ቀስ ብሎ ይሁን፣ አላውቅም። እሱ ዓይኑን ከእኔ ሲያሸሽ እፍረቱ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ብቻ አንዱን ጠቅልልልኝ አልኩት። የትኛውን ሲለኝ «ሁሉም አንድ ናቸው፣ ልዩነት የላቸውም» አልኩት። ለአንተም በብጣሿ የጻፍኩት እዚያው ባንኮኒው ላይ ነው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

እንዴት እንደሆነ ደግሞ ልንገርህ። የምሠራበትን ታውቃለህ፤ ጠርሙስ የሚሞላበት ፋብሪካ ነው። ባዶው ጠርሙስ ታጥቦ በቀበቶ እየተጓዘ በመብራት ፊት ያልፋል፣ እኔ ስንጥቅ ያለበትን እያወጣሁ እጥላለሁ። ታዲያ መብራቱ የማያሳየው ስንጥቅ አለ፤ ከአንገቱ ሥር የሚደበቅ። እሱ የሚታወቀው ጠርሙስ ከጠርሙስ ሲጋጭ ነው። ደህናው ይዘፍናል፤ የተሰነጠቀው ያስላል።

አዳራሹ ይጮኻልና ለሁላችንም የጆሮ መድፈኛ ይሰጠናል። እኔ ግን የግራውን አውጥቼ ኪሴ ውስጥ እከተው ነበር፣ ሳሉን ለመስማት። ማሽኑም ያለው በግራዬ ነው። የፈረቃ አለቃችን ያውቃል። እንግዳ ሲመጣ እኔ ጋ ያመጣና «የእሷ ጆሮ ከመብራቱ ይበልጣል» ይላቸዋል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ጆሮዬን ማን እንዳስተማረው አውቃለሁና።

አሁን ጠርሙሱ ሁሉ አንድ ሆኖብኛል። በመብራቱ ብቻ ነው የማሳልፈው። አለቃዬ አሁንም ከመብራቱ ትበልጣለች እያለ ያስጎበኘኛል፤ እኔም ቆሜ ፈገግ እላለሁ። ብናገር ከቦታዬ ያነሱኛል፤ እሱን እችለዋለሁ። የማልችለው ፊታቸውን ነው። ባልናገር ደግሞ የሚያስለው ጠርሙስ በእኔ ፊት አልፎ የሆነ ሰው እጅ ላይ ይፈነዳል። ሱቅ ውስጥ ጠርሙስ የያዘ ሰው ሳይ መንገድ መቀየር ጀምሬያለሁ።

«ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» ብለህ ጻፍክልኝ። እውነትህን ነው። የሰማሁ ዕለት ላብድ ነበር።

አንድ ልመና አለኝ። ለወንድሜም ለእትዬም እንዳትነግር። ኮራች ብለው ይሳቁብኝ እንጂ አይዘኑልኝ።

ጩጬህ

---

መጋቢት 9

ለእኅቴ፣ ለጩጬ፣

ሰላምታ የማቀርብበት ፊት የለኝም፤ ግን ሰላምታ ሳያቀርቡ መጻፍም አልተማርኩም። ስለዚህ ፊቴን አዙሬ እንደምን ነሽ እላለሁ።

ደብዳቤሽን የከፈትኩት ቢሮ ውስጥ ነው፤ ፕላን በተዘረጋበት ጠረጴዛ ላይ፣ እንደ ልማዴ ማስመሪያዬን ይዤ። ሽማግሌው ማዳመጫውን ሲያዞርልሽ ማስመሪያውን አስቀመጥኩት። አጠገቤ የሚቀመጠው ንድፍ ሠራተኛ ፊቴን አይቶ ሰው ሞተብህ ወይ አለኝ። አይ፣ ስህተት አግኝቼ ነው አልኩት። የማን ስህተት ነው ሲለኝ የመርማሪው አልኩት። ከዚያ ኮሪደር ወጥቼ ቆምኩ። እዚያ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያንን «ምረጪ» ያልኩበትን ደብዳቤ ያነበበ መሰለኝ።

ሦስት ቤት በአንድ ግድግዳ አይሰነጠቅም ብዬ ነበር። የምድሩን መሰንጠቅ ሳላስብ! አንድ ተማሪ ይህን ቢሳሳት ወረቀቱን እመልስለታለሁ። ቁጣዬ ነገሩ እንዲገባኝ አልፈቀደልኝም። መዳረሻውን አስቀድሜ ስለወሰንኩ መንገዱን አልፈተሽኩም። ደግሞም ያንቺ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል የሚለው ሐሳብ አእምሮዬ ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ ከዚያ ይልቅ የእኔ ተጎድቷል ብዬ ባስብ ይቀለኝ ነበር። ይህ ማመን ነው ብለሽ እንዳታጽናኚኝ። ማመን ቢሆን ኖሮ ሦስቱንም ጊዜ በጻፍሽው አምን ነበር።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ተረቱ ነው። ለሌላው ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ለእሱ ግን ቃል አላገኘሁም። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር በመቀስ ቆርጬ እንዳወጣው ደብዳቤውን መልሰሽ ላኪልኝ ልል ነበር። ግን ይቅር፤ እዚያው ይኑር፣ ስሜ ከሥሩ አለ።

ልመናሽን ፈጽሜያለሁ፤ መፈጸሙ ደግሞ አልቀለለኝም። ወንድምሽ ቤት ሄጄ፣ ብጣሿን ባነበብኩበት በዚያው ወንበር ተቀምጬ፣ ማዳመጫው ደህና ዕቃ ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። ወንድምሽ «ሚሊሜትር ተሳሳተ! ቀኑን ጻፉት» ብሎ ቤቱን በሳቅ አናጋው። ሚስቱ ደግሞ ሽማግሌ ሲሆን ጆሮ ነው አስቀድሞ የሚሄደው አለች። ምን እንደተሳሳትኩ ጠየቁኝ፤ አልነገርኳቸውም። እስካሁን ይስቃሉ። ይሳቁ፤ ባንቺ ላይ የነበረውን ሳቅ ወደ እኔ ካዞርኩት ደህና አድርጌያለሁ። ከእንግዲህ እንዲጽፉልሽ፣ እንዳይደውሉልሽም ነግሬያቸዋለሁ። እናቴን ግን መዋሸት አይቻልም። በኮምፐርሳቶው ማዶ ሆና «ዛሬ ዝም ያልከው ጩጬ ምን ብላህ ነው?» አለችኝ። ተቀየመችኝ አልኳት። «አበጀች» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

የላክሽውን ማዳመጫ ለማንም አልሰጠሁም። ግራ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ በእሱ ሦስተኛውን ክፍል ሰማሁት። ሁለተኛው ቫዮሊን ጠፋ። ኩርፊያው ጠፋ። ሙዚቃው አለ፤ ግን ጥያቄ ጠይቆ መልሱን የማይጠብቅ ሰው ሆነ። እስከ መጨረሻው መስማት አልቻልኩም፤ ጥጡን አወጣሁት። አንቺ ግን የምታወጪው ጥጥ የለሽም።

አሁን ቁጣዬ ትክክለኛ አድራሻውን አግኝቷል። ያ የፈረቃ አለቃ መድፈኛውን ሰጥቶሽ፣ ስታወጪው እያየ ያጨበጨበ ሰው ነው። ባለሙያን ከማሽን አስበልጦ ማሞገስ መልካም ነው፤ ማሽኑ ግን ሲበላሽ ይጠገናል። ጆሮሽን እንደ ትርፍ ዕቃ ተጠቅሞበታል። ይህን ስልሽ ጥፋቱን ሁሉ እሱ ላይ ጭኜ እኔ ላመልጥ አይደለም፤ ሳል ከዘፈን መለየትን ያስተማርኩሽ እኔ፣ ጆሮ የሚጠበቅ ነገር መሆኑን ሳላስተምርሽ ነው።

ማዳመጫ ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ነገ ሥራ ስትገቢ ሁለቱንም ጆሮሽን ድፈኚ፤ ምንም ባይሰማ ግራውንም ጭምር። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ሁለቱንም አስለኪ፤ ቀኙ ምን ያህል እንደቀረ በቁጥር አውቀን እንጠብቀው። ለአለቃሽም በጽሑፍ አሳውቂው። ጽሑፉን አርቅቄ ከዚህ ጋር አጥፌዋለሁ፤ ጠንከር ያለ ነው፣ ቁጣው የበዛ ከመሰለሽ አለዝቢው፤ «ከዛሬ ጀምሮ በድምፅ የሚለየውን ስንጥቅ መለየት አልችልም» የሚለውን ግን እንዳትነኪው። እሱን የምትጽፊው ለአለቃው አይደለም፤ ለማታውቂው፣ ጠርሙስ ለያዘው ሰው ነው። ፊታቸውን አልችለውም ብለሻል። እኔም የወንድምሽን ቤት ፊት አልችለውም ብዬ ነበር። ይቻላል። ሻይ ይሰጡሻል፣ ይስቃሉ፣ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ።

አሮጌውን ሠራሁት። ቅስቱን በቀጭን ሽቦ አስሬ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፤ ራስ የተፈነከተ ሰው ይመስላል፣ ግን በሁለቱም ጎን ይናገራል። የመጣሽ ዕለት መቀመጫችንን እንለዋወጣለን። አንቺ በግራዬ ትቀመጫለሽ፤ አንቺ በቀኝ ጆሮሽ፣ እኔ በግራዬ። በሬው ያው በሬ ነው፤ ቀንዱን ብቻ ነው ያዞረው።

ሐኪሙ ያለውንና አለቃሽ የመለሰውን እስከ ሚያዝያ 15 ድረስ በጽሑፍ እንድታሳውቂኝ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ብጣሽ ወረቀትም ቢሆን እቀበላለሁ። በዚያ ቀን ካልደረሰኝ፣ ስልክ እንደምጠላ እያወቅሽ፣ በማግስቱ እደውላለሁ። በቀኝ ጆሮሽ አንሺው።

የአክስትሽ ልጅ